ሞተሬና ኦክቴኗ

ኦክቴን የሚባለውን ቃል ሳልሰማ ሰባ ዓመት አልፎኝ ምንም አልጎደለብኝም ነበር። ጥርስ ጎድሎብኛል፣ ፀጉር ጎድሎብኛል፣ ሚስቴ እንደምትለው ከሆነ ልብም ጎድሎብኛል። ኦክቴን ግን ጎድሎብኝ አያውቅም።

ጣጣው የመጣው ሞተር ሳይክል ከገዛሁ በኋላ ነው። አዳማ ላይ ጡረታ የወጣ ሰው ወይ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሚስቱን ያሰለቻል፣ ወይ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ አገር ያስተዳድራል። እኔ ሁለቱንም እስኪበቃኝ ከሠራሁ በኋላ ትንሽ ቀይ ሞተር ገዛሁ። እየገፋሁ ግቢ ሳስገባት ሚስቴ ብቅ ብላ አየችን።

«ለልጅ ልጆቹ ነው?»

«ለራሴ ነው።»

«እንግዲያው ሁለት ጎማ ጨምርባት» ብላ ተመልሳ ገባች።

ሞተሬ ቁመቷ ከአህያ ያንሳል፤ ድምፅዋ ከልብስ ስፌት መኪና ብዙም አይበልጥም። ሜዳ ላይ ደህና ነች። ዳገት ስትይዝ ግን ከሆዷ ውስጥ «ቀቀቀቀ» የሚል ነገር ይሰማል፤ ቆሎ በቆርቆሮ የሚያናውጡ ይመስላል። አእምሮ ያለው ሰው ቢሆን ማርሽ ይቀንስ ነበር። እኔ ሻይ ቤት ወሰድኳት።

ሻይ ቤት ሁለት ወዳጆች አሉኝ። አንደኛው ዕድሜውን በሙሉ ተሳቢ ሲነዳ የኖረ ሾፌር ነው፤ ያልረገጠው አስፋልት የለም፣ ያልዋሸውም ውሸት የለም። ሁለተኛው የፊዚክስ አስተማሪ ነበር። ያስተማረውን ነገር ከተማሪዎቹ አንዱም አልገባኝም ብሎ ጠይቆት አያውቅም፤ ይህን የችሎታው ምስክር አድርጎ ያወራዋል። ሦስታችን አንድ ላይ ስንቀመጥ ወጣቶቹ ወንበራቸውን ራቅ ያደርጋሉ።

ሾፌሩ ሞተሯን ዞሮ ዞሮ አያትና ጎማዋን በእግሩ መታ መታ አደረገ። ስለ ሞተር የማያውቅ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ጎማ ይመታል።

«ቤንዚኑ ነው» አለ። «ቤንዚን ድሮ ቀረ። የዛሬው ውሃ ነው።»

«አንተ እኮ ዕድሜ ልክህን የነዳኸው በናፍታ ነው» አልኩት።

«ታዲያስ! ከሩቅ ሆኖ የሚያይ ነው ደህና አድርጎ የሚያየው።»

አስተማሪው መነጽሩን አወለቀ። እሱ መነጽሩን ሲያወልቅ የሁላችንም ሻይ ይቀዘቅዛል። «ችግሩ ኦክቴን ነው» አለ። «ቤንዚኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ገብቶ ሲታመቅ ካንዴላው ብልጭ እስኪል መጠበቅ አለበት። ኦክቴኑ ዝቅ ያለ ከሆነ አይጠብቅም፤ ቀድሞ ይቀጣጠላል። የምትሰማው ድምፅ እሱ ነው። ኦክቴን ማለት በአጭሩ የቤንዚን ትዕግሥት ማለት ነው።»

«ትዕግሥት ከሆነ የጎደላት ከሚስቴ ነው የምቀዳላት» አልኩ።

አልሳቀም። ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ አሳየኝ። ነጭ ጓንት ያጠለቀ አንድ ጎልማሳ፣ ወለሉ ከእኔ ሳሎን የጸዳ ማደያ ውስጥ፣ በተደረደሩ መቅጃዎች ፊት ቆሞ ይሰብካል። ይሄኛው ለትንሽ ሞተር፣ ያኛው ለጉልበተኛ፣ ይሄ ደግሞ ለሽቅድምድም። ሸሚዝ የሚያስመርጥ ነው የሚመስለው። እኛ አገር ማደያ የሚመረጠው ሌላ ነው። አለ ወይስ የለም? የለም ከሆነ ካርቶን ላይ ተጽፎ ይሰቀላል። አለ ከሆነ ደግሞ ሰልፉ ራሱ ይነግርሃል። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ያንን ጓንት ያጠለቀ ሰው አመንኩት። ለምን ቢባል፣ ጓንቱ ንጹሕ ነበር።

በማግስቱ ማደያ ሄጄ ባጃጆች መሃል ተሰለፍኩ። ፀሐዩ አናቴን ሲበላው ቆይቶ ተራዬ ደረሰ። ቀጂዋን ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጠየቅኳት።

«የኔ ልጅ፣ የዚህ ኦክቴኑ ስንት ነው?»

«ቤንዚን ነው አባባ።»

«እሱማ ቤንዚን ነው። ዓይነቱን ነው የምልሽ። ከፍ ያለ የላችሁም?»

ከኋላዬ ያለው ባለባጃጅ አንገቱን አወጣ። «ፋዘር፣ ሜኑ ይምጣልዎት እንዴ?»

ሌላው ተቀበለው። «ለሳቸው ለብ ለብ አርጊላቸው፤ ጥሬ አይወዱም!»

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ቀጂዋም መቅጃውን ይዛ ሳቀች፤ እየሳቀችም ሞላችልኝ። ሰው በሳቀብህ ቁጥር ይበልጥ ልክ የሆንክ የሚመስልህ ዕድሜ አለ። እኔ እዚያ ዕድሜ ውስጥ ገብቼ በሩን ዘግቻለሁ።

እህቴ ቤቴ የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው፤ ዓይኗ አብጦ። ልጇ መቂ ያለች ልጅ ወዷል። የተዋወቁት ቸርች ነው፣ ኳየር ውስጥ፤ ልጁ ጠብታ መጠጥ ቀምሶ አያውቅም። የልጅቷ አባት ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ የሚያለማ የታወቀ ሰው ነው። ሾፌሩና አስተማሪው የእህቴም ጎረቤቶች ናቸውና ሽማግሌ ሆነው ሄደው ነበር፤ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። አባትየው እንዲህ አላቸው አሉ፦ «ልጁን ወድጄዋለሁ። አባቱ ግን አረቄ ነው የገደለው። ነገሩ በዘር ይሄዳል። ከወገኑ አንድ የማይጠጣ ትልቅ ሰው አምጡና አሳዩኝ፤ ያን ጊዜ እንነጋገራለን። ሁለተኛ እድል እሰጣለሁ፣ ሦስተኛ የለኝም።»

የልጁ አባት፣ አማቼ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በእርግጥ እንደዚያ ነበር። የቀሩት ዘመዶቻችንም ቢሆኑ ቄጠማ ላይ ቢተኙ ቄጠማው ይሰክራል። እኔ ያቆምኩት በጽድቅ አይደለም፤ ጨጓራዬ ነው ያስቆመኝ።

«ወንድሜ» አለች እህቴ፣ «በዘመዱ ውስጥ አረቄ አረቄ የማትሸት አንተ ብቻ ነህ። ጨጓራህን ይባርክልኝ። ሂድና አንድ ጊዜ ታይልኝ። ልጄ እህል መብላት ትቷል።»

ሥራዬ ይህ ብቻ ነበር። መናገር አይጠበቅብኝም፤ መናገሩን ሌሎቹ ያውቁበታል። ሄጄ፣ ቆሜ፣ አለመሽተት።

ሾፌሩና አስተማሪው በሚኒባስ እንሂድ አሉ። እኔ በሞተሬ ካልሆነ አልኩ። በዚህ ዕድሜዬ ሞተር ነድቼ መቂ ስገባ አባትየው የወገናችንን ጤና በዓይኑ ያያል ብዬ ተከራከርኩ። እውነቱን ለመናገር ሞተሬን የሚያይልኝ ሰው ፈልጌ ነው። አዳማ ውስጥ ያሉት አይተዋት ስቀው ጨርሰዋል።

የቀረው ያ «ቀቀቀቀ» ነው። በእንዲህ ያለ ጉዳይ የሚንቋቋ ሞተር ይዞ መሄድ አይገባም። አስተማሪው ደግሞ በዚያ በቀዘቀዘው ሻይ ላይ አንድ ነገር ጣል አድርጎ ነበር፤ አልኮል የቤንዚንን ኦክቴን ከፍ ያደርጋል፣ እዚህ አገርም ከሸንኮራ የሚወጣ አልኮል ቤንዚን ላይ የሚጨመርበት ጊዜ ነበር አለ። ይህ እውነት ነው። ሞኝ ሰው ጋ የደረሰ እውነት ግን ከውሸት ይብሳል። ቤቴ ገብቼ አሰብኩ። ሁልጊዜ የሚያጠፋኝ ማሰብ ነው። አልኮል ማለት አረቄ ነው፤ አረቄ ደግሞ ከጓሮዬ አጥር ወዲያ አለ።

አረቄ ሻጯ ስታየኝ ወገቧን ይዛ ቆመች።

«ጋሼ! ትተው የለም እንዴ?»

«ዳግም የወጣውን ስጪኝ፤ ኃይለኛውን። ለእኔ አይደለም፣ ለሞተሬ ነው።»

«እሺ» አለች፤ ፊቷ ምንም አልተለወጠም። «ባለፈው አንዱ ለጉልበቴ ማሻ ነው ብሎ ወስዶ እዚህ በሬ ላይ ነው የተኛው። ጉልበቱን እንጃ።»

ጠርሙሱን ይዤ ተመለስኩና በማንኪያ አድርጌ ክብሪት ጫርኩበት። ሰማያዊ ሆኖ ነደደ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? የሚነድ ከሆነ ነዳጅ ነው ብዬ የሞተሬን ክዳን ከፍቼ ጠርሙሱን ደፋሁባት። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ኮቴም ድርሻውን አገኘ። ሚስቴ ከበሩ ላይ ታየኛለች።

«ምንድነው የምታጠጣት?»

«ኦክቴን።»

«ይሸታል።»

«ሳይንስ ነው የሚሸተው።»

«ሳይንስ እንዲህ ከሸተተ ወንድሞችህ ሁሉ ፕሮፌሰር ነበሩ» አለችና በሩን ዘጋችብኝ።

በማግስቱ ጠዋት ያንኑ ኮት ለብሼ ተነሣሁ። ሌላ ደህና ኮት የለኝም። ሽታውን ነፋሱ ይወስደዋል ብዬ ነው። እስከ ሞጆ ሞተሬ ደህና ሄደች። ከሞጆ ወደ ቆቃ ሲወረድማ ዘፈነች! ያ ድምፅ ጠፋ። እያንዳንዱን የቪዲዮ ሰባኪ በልቤ እያመሰገንኩ በረርኩ። ዓሣ አንጠልጥለው መንገድ ዳር የቆሙትን ሻጮች እንደ ጀግና እጄን አንሥቼ ሰላም አልኳቸው። መንገዱ ቁልቁለት መሆኑ ትዝ አላለኝም። በቁልቁለት ጋሪም ይበራል።

እነ አስተማሪው የተሳፈሩበት ሚኒባስ አልፎኝ ሄደ። አስተማሪው በመስኮት አውራ ጣቱን አሳየኝ።

ዓለም ጤና ሳልደርስ ሞተሬ ማስነጠስ ጀመረች። አንድ ሁለቴ ተንገጫገጨችና ሞተች። ነዳጅ አንሷት ይሆናል ብዬ ቁልፉን ወደ መጠባበቂያው አዞርኩት። መጠባበቂያው የሚቀዳው ከታንኩ ከታችኛው ወለል ነው። አረቄ ከቤንዚን ይከብዳል፣ ሌሊቱን ሙሉ ደግሞ ግማሽ ውሃውን ይዞ ወደ ታች ዘቅጦ አድሯል። ይህን ዛሬ ነው የማውቀው። ያን ጊዜ ለሞተሬ ንጹሕ አረቄ ነበር የከፈትኩላት። እንኳን መሄድ፣ ማስነጠሱንም ተወችው።

ፀሐዩ ከፍ አለ። ጓደኞቼ መቂ ሳይደርሱ አልቀሩም። ሽማግሌ ጎድሎ ሽምግልና አይጀመርም፤ በተለይ የጎደለው ለመታየት የተፈለገው ሰውዬ ሲሆን። ያኔ እዚህ አገር ሞተር የያዘ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረግኩ። የነዳጁን ቱቦ ነቅዬ በአፌ ሳብኩት። ቱቦ ያልሳበ ሰው እኛ ዘንድ ሞተር ነድቷል አይባልም።

አፌ ውስጥ የገባው ቤንዚን አልነበረም። ገና ከጉሮሮዬ ሳያልፍ ጨጓራዬ የድሮ ወዳጁን አወቀው። ተፋሁት። እግዜር ያያል፣ ሁሉንም ተፋሁት። ሁሉንም ማለት ይቻላል።

ቱቦውን ደጋግሜ ስስብና ስተፋ፣ ሽንኩርት ሊጭን ባዶውን ወደ መቂ የሚሄድ የጭነት መኪና ቆመልኝ። ባለመኪናው ወረደ።

«አባ፣ አካም ጅርታ? ምን ሆነው ነው?» ብሎ ሊጨብጠኝ ጠጋ አለና አፍንጫውን ሸበሸበ። «አይ አባ! በጠዋቱ?»

«ሞተሯ ናት» አልኩት።

«እሷማ ወድቃለች። እርስዎ ግን ቆመዋል፤ ጥሩ ነው» ብሎ ሞተሬን ወደ ላይ አነሣልኝ። ባዶ ጆንያ ላይ ከእሷ ጎን ተቀመጥኩ። ከአዳማ በክብር የወጣሁ ሰውዬ መቂ የገባሁት እንዲህ፣ እንደ ሽንኩርት ተጭኜ ነው።

ሾፌሩና አስተማሪው ከአባትየው ግቢ በር ላይ እየተንቆራጠጡ ነው። ሞተሬን አውርደን አጥሩን እንዳስደገፍናት ሾፌሩ ወደ እኔ ዞረ።

«ጠጥተሃል» አለኝ በሹክሹክታ።

«አልጠጣሁም። ሳብኩ እንጂ።»

«ዛሬ? ከዓመቱ ቀን ሁሉ ዛሬ?»

አስተማሪው አሸተተኝና ነገሩ ስለገባው ፊቱ አመድ መሰለ። «እኔ አረቄ ጨምርበት ብዬሃለሁ? ንጹሑን አልኮል ነበር ያልኩት!»

ሳንስማማ በሩ ተከፈተ። አባትየው ጎምላላ፣ ትከሻው የበር ያህል ሰው ነው። «አካም ጅርቱ፣ ጃርሶሌ!» ብሎ በኦሮምኛ እኛን ሽማግሌዎቹን ሰላም አለና እጁን ዘርግቶ መጣ። ሽማግሌ የሚጨበጥ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! ይሳማል እንጂ። ሾፌሩን ሳመው፣ አስተማሪውን ሳመው፣ ወደ እኔ ጎንበስ አለ። ትከሻዬ ላይ ደርሶ ቆመ። ቀጥ አለ። ፊቴን አየ፣ ኮቴን አየ።

«የማይጠጣው ሰው እኚህ ናቸው?» አለ።

ማንም አልተነፈሰም። እኔማ መተንፈስ ከተከለከልኩ ቆይቻለሁ።

ሳሎን ገባን። ልማዱ ይታወቃል፤ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም። እሱም ተቀመጡ አላለንም። ግድግዳው ሥር ተደርድረን ቆምን። የእህቴ ልጅ እህል የተወባት ጉዳይ በእኔ አፍንጫ ሥር ስትሞት ይታወቀኛል። ሾፌሩ ጉሮሮውን ጠረገና ስለ አየሩ አወራ። አስተማሪው ግን መነጽሩን አወለቀ። አምላኬ፣ አሁን አይደለም አልኩ በልቤ።

«ይስሙኝ ጌታዬ» አለ አስተማሪው። «ነገሩ የሚመስለውን አይደለም። በታመቀ ጋዝ ውስጥ የሚነሣ ያልተፈለገ ቃጠሎ አለ፤ ያንን ለመከላከል…»

«አንተም ጠጥተሃል?» አለው አባትየው።

አስተማሪው መነጽሩን አደረገ። ዕድሜውን ሙሉ ትምህርቱ አልገባኝም ብሎ በግልጽ የነገረው የመጀመሪያው ሰው ይህ ይመስለኛል።

ሌላ ማምለጫ ስላልነበረኝ ተናገርኩ። ስለ ዳገቱ፣ ስለ «ቀቀቀቀ»፣ ስለ ጓንቱ፣ ስለ ማንኪያው፣ ስለ ቱቦው። ስናገር ራሴን ሰማሁት። አንድ ሰካራም እንዲህ ያለ ታሪክ ቢነግረኝ ፊቱ ላይ እስቅበት ነበር። አባትየው እስክጨርስ አዳመጠኝና «ሞተሩን አሳዩኝ» አለ።

ተያይዘን ወጣን። ሰውዬው ውሃ መሳቢያ ሞተር እርሻው ላይ ስላለው የነዳጅ ነገር አይሸውዱትም፤ እንደማይሸውዱትም ከበሩ እስከ አጥሩ እየነገረን ሄደ። ቱቦውን ነቅሎ ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ቀዳና አጥሩ ላይ አስቀመጠው። ከበን ቆምን። ጥቂት ቆይቶ ፈሳሹ ለሁለት ተከፈለ፤ ከላይ ቤንዚኑ፣ ከታች ሌላ። ክዳኑን ከፍቶ አሸተተ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ዋቆ! ይሄን ሁሉ?» አለ።

«ጠርሙሱን ሙሉ» አልኩ።

«ራስዎስ?»

«ቱቦው የሰጠኝን ያህል። እሱንም ተፍቼዋለሁ።»

እያመነታ ነው። ሞተሯ መጠጣቷ ተረጋገጠ፤ ነጂዋ አለመጠጣቱ ግን አልተረጋገጠም። ያን ጊዜ ከቤቱ በኩል አንድ ድምፅ መጣ። የምትጠየቅ ልጅ ሽማግሌ ፊት አትወጣም፤ ደንቡ ነው። ይቺ ደንቡን አልሰበረችም። መስኮቱን ብቻ ከፈተችው።

«አባዬ» አለች፣ «የሚጠጣ ሰው እኮ አረቄውን ለሞተር አይሰጥም።»

አባትየው ወደ መስኮቱ አየ፣ ወደ ሃይላንዱ አየ፣ ወደ እኔ አየ። መጀመሪያ ትከሻው ነው የተንቀጠቀጠው። ከዚያ ግቢው በሙሉ በሳቁ ተናጋ። ይስቃል ብቻ ሳይሆን እየደገመ ይስቃል፤ «ጠርሙሱን ሙሉ! ለሞተር!» እያለ። ማደያ የሳቁብኝ ባለባጃጆች ከዚህ ሳቅ አጠገብ ጨዋ ነበሩ። ሾፌሩም ወዲያው አብሮት ሳቀ፤ ውለታ ቢስ።

«ልጄ ልክ ናት» አለ እንባውን እየጠረገ። «እኔ የምፈራው አረቄ የሚያፈቅር ዘር ነው። እኚህ ሰውዬ ለአረቄ ምንም ርኅራኄ የላቸውም። ለልጁ ዋስ እሳቸው ይሁኑና ልጄን ሰጥቻለሁ። ታኣ፣ ታኣ! ተቀመጡ፣ ምን ያስቆማችኋል?»

ተቀመጥን። ለስላሳ ቀረበልን። አስተማሪው ጋዙ ለምን እንደሚንፈቀፈቅ ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት ሾፌሩ እግሩን ረገጠው።

ሠርጉ ካለፈ ቆየ። ሞተሬም የቤንዚን ታንኩ ታጥቦላት ዛሬም አለች። ኦክቴኗ ምን ያህል እንደሆነ አላውቅም፤ አዳማ ያለው መቅጃ አንድ ነው፣ የሰጠኝን አጠጣታለሁ። ዳገት ላይ ማርሽ እቀንሳለሁ፤ ድምፁ የለም። ይህን ለማወቅ መቂ ድረስ መሄድ ያስፈለገኝ ሰውዬ ነኝ፤ አትፍረዱብኝ ልል ነበር፣ ግን ፍረዱ።

አባትየው አሁን ዘመዴ ነው። በተገናኘን ቁጥር እጁን ዘርግቶ ይመጣል፣ ጎንበስ ይላል፣ ትከሻዬ ላይ ሲደርስ ቆም ብሎ አንዴ በደንብ ያሸተኛል። ከዚያ በኋላ ነው የሚስመኝ። ሞተሬን ይዤ ከሄድኩ ደግሞ መጀመሪያ የሚያሸተው እሷን ነው።